አበባ የተጠለፈበት ገበና

በየቤቱ እንግዳ ሲመጣ በሩ የሚዘጋ አንድ ክፍል አለ። ምናልባት አልጋው ያልተነጠፈበት፣ ምናልባት አሮጌ ዕቃ የታጨቀበት ክፍል ነው። ከግድግዳና ከበር ያልተሠራም አለ፤ የቤቱ ሰው ሁሉ የሚያውቀው፣ ግን በገበታ ላይ የማይነሳ ነገር። የእኛ ሰው ለዚህ ነገር ቃል አለው፤ ገበና ይለዋል። ገበናን መሸፈን ጨዋነት ነው፣ ማውጣት ደግሞ ነውር። «ገበናዬን ሸፍንልኝ» ብሎ የሚጸልይ ሞልቷል፤ «ግለጥልኝ» ያለ ሰው ግን ሰምቼ አላውቅም።

ዛሬ የማወራችሁ የዚህን ተቃራኒ ስላደረገች ሴት ነው። የቤቷን ገበና መጀመሪያ በመዳብ ሰሌዳ ላይ ጫረችው፤ ኋላ ደግሞ ክፍል አድርጋ ሠራችውና ሰው ሁሉ በበሩ ስንጥቅ እንዲያየው ፈቀደች። ሉዊዝ ቡርዥዋ ትባላለች። በ1911 ፓሪስ ተወልዳ፣ በ2010 ኒው ዮርክ ውስጥ በ98 ዓመቷ ያረፈች ቀራጺና የኅትመት ሥዕል ባለሙያ ነበረች (ዓመቱን ሁሉ የምጠራው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው)። ብዙ ሰው የሚያውቃት በግዙፉ ሸረሪቷ ነው። እኔ ግን ከሸረሪቱ በፊት ስለነበሩት ስለ መርፌው፣ ስለ መቀሱና ስለ ሹሉ ብረት ማውራት እፈልጋለሁ። ነገሩ የሚጀምረው ከዚያ ነውና።

የሉዊዝ ወላጆች የታፒስትሪ ነጋዴዎች ነበሩ። ታፒስትሪ ማለት በየቤተ መንግሥቱና በየመኳንንቱ ቤት ግድግዳ ላይ የሚንጠለጠለው፣ ሥዕሉ በቀለም ሳይሆን በክር የተሸመነው ትልቅ መጋረጃ ነው። አባትየው ሉዊ ያረጀውንና የተቀደደውን እየፈለገ ይገዛል፤ እናትየው ጆሴፊን ሴት ሠራተኞቿን ይዛ ታስጠግናለች፤ ከዚያ ፓሪስ ባለው ሱቃቸው ይሸጣል። የኖሩት መጀመሪያ ሾዚ ለ ርዋ፣ ቀጥሎ ደግሞ አንቶኒ በሚባሉ የፓሪስ ዳርቻ ከተሞች ነው። የአንቶኒው ቤት ቢዬቭር በሚባል ወንዝ ዳር ነበር፤ ውኃው ሱፍ ለማጠብና ለማቅለም ይመቻል።

መቼም መጋረጃ ሲያረጅ ቀድሞ የሚያልቀው ግርጌው ነው። ስለዚህ ከሥዕሉ ላይ ቀድሞ የሚጠፋው የሰዎቹና የፈረሶቹ እግር ይሆናል። ሉዊዝ ገና ልጅ ሳለች የጎደለውን እግር እንድትነድፍ ተደረገች፤ ሴቶቹ ንድፏን እየተከተሉ ይሸምናሉ። እጇ ሥዕል የለመደው ትምህርት ቤት ገብታ አይደለም፤ የተበላውን እየሞላች ነው።

ሉዊዝ ካደገች በኋላ ስለዚያ ሥራ ቤት ያወራችው አንድ ነገር አለ። በአሮጌዎቹ ታፒስትሪዎች ላይ ራቁታቸውን የሚበርሩ ክንፋም ሕፃናት ይበዛሉ። ከገዢዎቹ መካከል ደግሞ ይህን ማየት የማይፈልጉ ጨዋ አሜሪካውያን ነበሩ። እናትየው ምን ታደርጋለች? የሕፃናቱን ኀፍረተ ሥጋ በመቀስ ቆርጣ ታወጣና በቦታው አበባ ትተካበታለች። ገዢ ደስ ይለዋል። ከሩቅ ለሚያየው ሰው የጎደለ ነገር የለም።

እንዲህ ያለው ጥልፍ ታዲያ በመጋረጃው ላይ ብቻ አልቀረም። በ1922 ገደማ ሴዲ የምትባል ወጣት እንግሊዛዊት ልጆቹን እንግሊዝኛ እንድታስተምር ተቀጠረች። ውላ አድራ የአባትየው ውሽማ ሆነች። ያውም ሌላ ሰፈር ቤት ተከራይቶላት አይደለም፤ እዚያው ቤት፣ እዚያው ገበታ ላይ፣ አሥር ዓመት ያህል። እናትየው ታውቃለች። ልጆቹ ያውቃሉ። የሚናገር ግን የለም። ጆሴፊን እኛ «የኅዳር በሽታ» የምንለው የ1918ቱ ወረርሽኝ ካደረሰባት ጉዳት በቅጡ አላገገመችም ነበር፤ አስታማሚዋ ደግሞ ሉዊዝ ነበረች። ልጅቱ እንግዲህ ክህደቱን በሁለት በኩል ነው የቀመሰችው። አባቷ እናቷን ከዳ። ለእሷ ተብላ የመጣችው መምህርት ለአባቷ ሆነች። ከሁለቱ ያላነሰ ደግሞ ሦስተኛ ነገር አለ፤ የምትወዳት እናቷ እያወቀች ዝም አለች። አበባ ጠለፈችበት በሉት።

አባትየው ጨዋታ አዋቂ፣ ገበታ ላይ የሚደመጥ ሰው ነበር ይባላል። ሉዊዝ እንደተናገረችው ከጨዋታዎቹ አንዱ ከመንደሪን ልጣጭ የሰው ምስል መቅረጽ ነበር። ምስሉን በጥንቃቄ ቆርጦ ያወጣና፣ ይኼ ያለው ነገር ልጄ ላይ የለም እያለ በሴትነቷ ያስቅባታል። ገበታው በሙሉ ይስቃል። እሷ ምን አደረገች? የዳቦውን ልብ በምራቋ አላቁጣ የአባቷን ምስል ሠራችና እጅና እግሩን በቢላ ቆራረጠችው። የመጀመሪያ ቅርጽ ሥራዬ እሱ ነው ትል ነበር። ቀልድ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን የዚህች ሴት የሰባ ዓመት ሥራ በዚያ ገበታ ላይ ተጠንስሷል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ሶርቦን የገባችው ሒሳብ ልታጠና ነው። ሒሳብ አይዋሽም፤ በሒሳብ ውስጥ ዛሬ እንዲህ ነገ እንዲያ የለም። በ1932 እናቷ ስትሞት ግን ሒሳቡን ትታ ወደ ሥዕል ዞረች። በ1938 አባቷ ሱቅ ውስጥ ጥግ ተከፍሎላት ሥዕልና የኅትመት ሥዕል መሸጥ ጀመረች። ሮበርት ጎልድዋተር ከተባለው አሜሪካዊ የሥነ ጥበብ ታሪክ ምሁር ጋር የተዋወቀችውም እዚያው ነው። በዚያው ዓመት ተጋቡ፤ በዚያው ዓመት ኒው ዮርክ ገቡ። ፈረንሳይ ጦርነት ውስጥ ስትገባ እሷ ባሕር ማዶ ልጆች እያሳደገች ነበር። ጥላ የሄደችው ቤተሰብ ናፍቆትም ጸጸትም ሆነባት።

ኒው ዮርክ ውስጥ ነው እንግዲህ የኅትመትን ሥራ ጠበቅ አድርጋ የያዘችው። መጀመሪያ አርት ስቱደንትስ ሊግ ተማረች፤ በ1940ዎቹ አጋማሽ ደግሞ ስታንሊ ዊልያም ሄይተር የተባለው እንግሊዛዊ ከፓሪስ ወደ ኒው ዮርክ ባመጣው «አትልዬ 17» በተሰኘ የኅትመት ሥራ ቤት ሠራች። ሥራው እንዲህ ነው። የመዳብ ሰሌዳ ይቀርባል። ቡሪን የሚባል ሹል ብረት በመዳፍ ተይዞ ሰሌዳው ይጫራል፤ መዳቡ እንቢ ይላል፣ እጅ ይገፋል። ሲያልቅ ቀለም ይቀባና ይወለወላል። ቀለሙ የሚቀረው በተጫረው ቦታ ብቻ ነው። ከዚያ እርጥብ ወረቀት ይደረግበትና በማተሚያው ይጨፈለቃል። ምስሉ ተገልብጦ ይወጣል፤ ግራው ቀኝ፣ ቀኙ ግራ ሆኖ።

ልብ በሉ፤ እዚህ ሥራ ላይ ሥዕል የሚሆነው ቁስሉ ነው። ያልተጫረው ገላ ባዶ ሆኖ ይወጣል። ደግሞ አንድ ጊዜ የተጫረ መዳብ አይረሳም፤ ቀለም በቀቡት ቁጥር ያንኑ መስመር መልሶ ይሰጣል። የሚጠፋ መስመር ካለ በብዙ ፍቆ ነው፤ ያም ሆኖ የፍቁ ምልክት ይቀራል። አርቲስቱ ሰሌዳው ላይ መስመር እየጨመረ፣ እየፋቀ፣ በየደረጃው አንድ አንድ ወረቀት እያተመ ያያል። ሉዊዝ ይህንን ከማንም በላይ ትወደው ነበር። አንዷን ምስል ደጋግማ፣ አንዳንዴም ዓመታት እያሳለፈች ትመለስባታለች። እኔ ሥራዎቿን ባየሁ ቁጥር የሚመጣብኝ ሐሳብ ልጅነት የመዳብ ሰሌዳ ነው የሚለው ነው። ሌሎች ጭረውበት ይሄዳሉ፤ ዕድሜ ልኩን የሚያትመው ግን ባለቤቱ ነው።

በ1947 ያወጣችው መጽሐፍ ርዕሱ «ፍጹም ዝምታ ውስጥ ገብቶ ጠፋ» እንደ ማለት ነው። ዘጠኝ የመዳብ ኅትመቶችና ዘጠኝ አጫጭር ተረት መሰል ጽሑፎች አሉት።  አንዱ ልጇን አለልክ ስለምትወድ እናት ነው፤ ልጁ በሩን በርግዶ ይሄዳል፣ መሞቷንም አይሰማም። አንዱ ደግሞ ጥሩ ወሬ ይዞ እየቸኮለ ስላወራ ማንም ያልተረዳው ሰው ነው። ከጽሑፉ ጎን ያሉት ሥዕሎች ግን ሰው የለባቸውም፤ ሕንፃ፣ መሰላል፣ ገመድ፣ ደረጃ ብቻ ነው። ሰው ለሰው ያጣው ቋንቋ በሙሉ ቤት ሆኖ ተሥሏል። መጽሐፉ ያን ጊዜ ብዙም አልተሸጠም።

ቀጥሎ የሆነው ነገር ለእኔ የታሪኩ መገጣጠሚያ ነው። እነዚያ ቀጫጭን ብቸኛ ሕንፃዎች ከወረቀቱ ተነስተው ቆሙ። በ1949ና በ1950 ፔሪዶት በተባለው የኒው ዮርክ ጋለሪ ሰው የሚያካክሉ ቀጫጭን የእንጨት ምስሎች አሳየች። መደብ ላይ አላስቀመጠቻቸውም፤ ወለሉ ላይ ተከለቻቸው፣ አንዳንዶቹን ለብቻ፣ አንዳንዶቹን ሁለት ሁለት አድርጋ። ተመልካቹ ለቅሶ ቤት እንደገባ ሰው በመካከላቸው ያልፋል። ለእሷ ምስሎቹ ፈረንሳይ ጥላቸው የመጣቻቸው ሰዎች ነበሩ። ዛሬ «ኢንስታሌሽን» የሚባለው፣ ማለትም ሰው ከፊቱ ቆሞ የሚያየው ሳይሆን ውስጡ ገብቶ የሚያልፍበት ሥራ፣ ስሙ ገና ባልተለመደበት ጊዜ ነው ይህን ያደረገችው።

በ1951 አባቷ ሞተ። ሉዊዝ ወደቀች። የተጣላኸው ሰው ሳትታረቀው ሲሞት ጠቡ ማን ዘንድ ይሄዳል? አንተው ጋ ይቀራል። በሚቀጥለው ዓመት ሄንሪ ሎወንፌልድ ከተባለ የሥነ ልቦና ሐኪም ዘንድ ሄዳ የፍሮይድን ዓይነት ሕክምና ጀመረች፤ ሐኪሙ በ1985 እስኪሞት ድረስም፣ አንዴ እየራቀች አንዴ እየተመለሰች፣ አልተወችውም። በዚያ ዘመን የጻፈቻቸው ብጥስጣሽ ወረቀቶች በ2004ና በ2010 ከቤቷ ተገኝተዋል። ሕልም አለ፣ ቁጣ አለ፣ ቅናት አለ፣ «ጥሩ እናት አይደለሁም» የሚል ፍርሃት አለ። በዳይዋን ብቻ ሳይሆን ራሷንም ትከስ ነበር ማለት ነው።

ባሏ በሞተ በዓመቱ፣ በ1974፣ «የአባት መፍረስ» የተሰኘውን ሠራች። ዋሻ የሚመስል ቦታ ነው፤ በቀይ መብራት ያበራል፣ እብጥ እብጥ ያለ ነገር ዙሪያውን ከብቦታል፣ መካከሉ ላይ ገበታም አልጋም የሚመስል ነገር አለ። ታሪኩን ራሷ ነግራናለች። አባትየው ገበታ ላይ ሲጎርር፣ ሲጎርር፣ ልጆቹ ምርር ይላቸውና ጎትተው ገበታው ላይ ጥለው ይበሉታል። የዳቦው ምስል ከሃምሳ ዓመት በኋላ ክፍል አክሎ መጣ።

ሰው ሁሉ ያወቃት ግን በ1982 ነው፤ የኒው ዮርኩ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም የሥራዎቿን ሁሉ ዐውደ ርእይ ሲከፍትላት። ሰባ ዓመት ሆኗት ነበር። በዚያው ሰሞን በአንድ የሥነ ጥበብ መጽሔት ላይ ፎቶግራፍ አስደግፋ የሴዲንና የአባቷን ጉዳይ በአደባባይ አወጣችው። ስም ጠርታ።

እዚህ ላይ ቆም ማለት አለብን። አባትየው ከሞተ ሠላሳ ዓመት አልፎታል፤ አይመልስም። ሴዲም የራሷን በኩል አልነገረችንም። በሰው አገር፣ በቅጥር ቤት ያለች ወጣት ከአሠሪዋ ጋር በምን ዓይነት ፈቃድ እንደኖረች የምናውቀው ከአንድ ልጅ ዓይን ነው። የሞተን ሰው ገበና ማውጣት ቀላል ነው፤ ተከራካሪ የለበትም። እኔ እዚህ መጽሔት ገጽ ላይ ከሉዊዝ ጋር ሙሉ በሙሉ አልቆምም። ከዚያ በኋላ ደግሞ ሐያሲ ሁሉ ሥራዎቿን በዚያች አንዲት ታሪክ ቁልፍ ብቻ ሊከፍት መሞከሩ፣ ለራሷም ቢሆን ሳይጠብባት አልቀረም።

ነገር ግን ቃላቱን ትቼ ክፍሎቹን ሳይ ሌላ ነገር አያለሁ። በ1980 ብሩክሊን ውስጥ የቀድሞ የልብስ ፋብሪካ የነበረ ሰፊ ቦታ ገዝታ ነበር። እዚያ ነው «ሴል» ያለቻቸውን ክፍሎች መሥራት የጀመረችው፤ የመጀመሪያዎቹ ስድስቱ በ1991 ፒትስበርግ ላይ ታዩ፣ እስክትሞት ስልሳ ያህል ደረሱ። ቃሉን በደንብ መርጣዋለች። የእስረኛ ክፍልም፣ የመነኩሴ በዓትም፣ የሰውነት ሕዋስም «ሴል» ነው። አሮጌ በር፣ የሽቦ መረብ፣ መስታወት ታጋጥምና ውስጡን በአልጋ፣ በወንበር፣ በአሮጌ ልብስ፣ በሽቶ ብልቃጥ ትሞላዋለች። በ1990ና በ1993 መካከል በሠራችው «ሴል (ሾዚ)» ውስጥ የልጅነት ቤቷ በሮዝ እብነ በረድ ተቀርጾ ተቀምጧል፤ ከበላዩ ጊሎቲን፣ ያ ፈረንሳዮች አንገት ይቆርጡበት የነበረው ስለት፣ ተንጠልጥሏል። በ1994 የሠራቻቸው «ቀዩ ክፍል» የሚባሉት ሁለት ናቸው፤ አንዱ የወላጆች፣ አንዱ የልጅ። በወላጆቹ ቀይ አልጋ ላይ «እወድሃለሁ» የሚል በፈረንሳይኛ የተጠለፈበት ትንሽ ትራስ አለ። በልጁ ክፍል ጥቅል ጥቅል ቀይ ክር ሞልቷል። ተመልካች ዘው ብሎ አይገባም። በሮቹ ዙሪያ እየዞረ በስንጥቁ ያያል፤ በመስታወት ያያል። ማለትም ሌሊት ኮቴ ሰምቶ የተነሳ ልጅ በሚያይበት መንገድ።

የእነዚህ ክፍሎች ብልሃት እዚህ ላይ ነው። አባትየው እዚያ የለም፤ ሴዲም የለችም። ያለው አልጋው ነው፣ በሩ ነው፣ ክሩ ነው። ማንም ሰው የገዛ ቤቱን ይዞ ሄዶ ሊያስገባበት ይችላል። ስም መጥራቱ የእሷን ቤተሰብ አጋለጠ፤ ክፍሉ ግን ተመልካቹን ነው የሚያጋልጠው። አጎንብሶ በስንጥቅ ሲያይ ራሱን የሚይዘው ሰው ስለ ራሱ ቤት ማሰብ ይጀምራል። ገበናን ማውጣትና ሰውን ማዋረድ አንድ አለመሆናቸውን በጽሑፍ ቢነግሩኝ አላምንም ነበር።

ሸረሪቷም የምትመጣው እዚህ ነው። በ1999 ሠርታ በ2000 ለንደን ላይ ቴት ሞደርን ሲከፈት የቆመችው፣ ከዘጠኝ ሜትር በላይ የምትረዝመው ሸረሪት ስሟ «ማማን» ነው፤ «እማዬ» ማለት ነው። ከሆዷ ሥር የእብነ በረድ ዕንቁላሎች ይዛለች። ከዚያ ወዲህ ቅጂዎቿ በኦታዋ፣ በቢልባኦ፣ በቶኪዮ፣ በዶሃም ቆመዋል። እኛ ሸረሪት ስናይ መጥረጊያ ነው የምናነሳው። ለሉዊዝ ግን ሸረሪት እናቷ ናት፤ ድሯ ቢበጠስ የማትቆጣ፣ ቁጭ ብላ የምትጠግን። ያው «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለውን የምታውቁ አይከብዳችሁም።

ከሁሉ የምትበልጥብኝ ግን በ1997 የሠራቻት «ሸረሪት» ናት። ሸረሪቷ አንድ ክብ የሽቦ ክፍል ላይ እግሮቿን ዘርግታ ቆማለች። ክፍሉ ውስጥ አንድ ወንበር አለ፤ በወንበሩና በሽቦው ላይ ከዚያ ከድሮው ሥራ ቤት የተረፉ የታፒስትሪ ቁራጮች ተንጠልጥለዋል። ከቁራጮቹ በአንደኛው ላይ አንድ ክንፋም ሕፃን አለ። ኀፍረተ ሥጋው ያለበት ቦታ ተቆርጦ ወጥቷል። አበባ ግን የለበትም።

ልጅቱ ቀዳዳውን አልደፈነችውም። እናቷንም አልከሰሰችበትም፤ ቁራጩን ራሷ እናቲቱ እንደምትጠብቀው ሁሉ ከሸረሪቷ ሆድ ሥር ነው የሰቀለችው። መቀሱ እዚህ አልፏል ትላለች፤ የጠገነችኝ እጅና የቆረጠችው እጅ አንድ ነበረች ትላለች። አሥር ዓመት የቆየ ዝምታን እንዲህ አድርጎ መጥራት ይቻላል።

በመጨረሻዎቹ ሃያ ዓመታት ወደ ኅትመቱ ተመልሳለች። እርጅና ከቤት ሲያውላት ማተሚያውን ከቤቷ ምድር ቤት አስገባች። የኒው ዮርኩ ሙዚየም የሰበሰበው የኅትመት ሥራዋ 1,200 ያህል የተለያየ ምስል ይደርሳል፤ አብዛኛው ከሰባ አምስት ዓመቷ በኋላ የተሠራ ነው። በ2006፣ በዘጠና አራት ዓመቷ፣ በሃያ የሙዚቃ ኖታ ወረቀቶች ላይ እጆች ብቻ ሠራች፤ ቀይ፣ የተዘረጉ፣ የሚነካኩ እጆች። ግማሹ የእሷ ነው፤ ግማሹ ከ1980 ጀምሮ ረዳቷ የነበረው የጄሪ ጎሮቮይ። የሥራው ርዕስ «ወደ እኔ የምትመጣው ጠዋት በአራት ሰዓት ነው» እንደ ማለት ነው። ሰውየው በየጠዋቱ በዚያ ሰዓት ይመጣ ነበር፤ ሥራ የሚጀመረው ያኔ ነው።

ዕድሜዋን ሙሉ ሰው ትቷት ሊሄድ ነው ብላ ስትፈራ የኖረች ሴት፣ መጨረሻ ላይ የሣለችው በቀጠሮው ሰዓት የሚመጣ ሰው ነው። የድሮው መዳብ ጭረቱ አልጠፋም፤ በዚያው ዘመን የድሮውን ቤት፣ የድሮውን አልጋ፣ የድሮዋን እናትም ስታትም ነበር። ግን እጇ ገና ሌላ መስመር መጨመር ይችል ነበር።

እኛ ቤት እንግዳ ሲመጣ የሚዘጋውን በር ነገ ጠዋት እንክፈተው አልልም፤ የማይከፈትም አለ። ነገር ግን እዚያ ክፍል ውስጥ የሚያድግ ልጅ ካለ፣ አበባውን ሳይሆን ከሥሩ ያለውን ቀዳዳ እያየ መሆኑን ብናውቅ ደግ ነው።